ሃያ ሦስት ለሃያ ሁለት

ወንድሜ፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል፤ እኔም ደንቡን አላፈርስም። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ሚስትህስ? ልጅህ ፈተናዋን አለፈች? ያ ከመሬት በታች ያለው ቤታችሁ በዘንድሮው ዝናብ ውሃ አልገባበትም? እኔ ደህና ነኝ። እናታችንም ቆማ ትሄዳለች። በቆሎው ጥሩ ይዟል፣ ድንቹን ግን የዱር አሳማ ጨርሶታል። ሰላምታዬ ይኸው ነው። ናፍቀኸኝ የጻፍኩ እንዳይመስልህ።

እሁድ ዕለት ለመንደራችን ሊቀመንበር ለታክ ደውለህ በአባታችን መቃብር ምለሃል አሉ። «በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ እኔ ክብ አላደረግኩም፤ መስቀል ነው ያደረግኩት፤ መንደሩ የሚረግመኝ በከንቱ ነው» ብለሃል። ማን ጠየቀህ? አራት ወር ተረግመህ አልሞትክ። አምስተኛውን ወር መታገስ አቃተህ?

ስልክ ያልደወልኩልህ በሁለት ምክንያት ነው። በስልክ ከሆነ እኔ እጮሃለሁ፣ አንተ ዝም ትላለህ፣ ከዚያ አንዳችን ጆሮ ላይ እንዘጋለን። ደግሞም የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፤ እማዬ ሁሉን ትሰማለች። ስለዚህ ይኸው በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ማሽኖቹ በበረዶ ሊንሸራተቱ የሚመጡትን የእናንተን ከተማ ሰዎች አንሶላ እያሽከረከሩ፣ በምሳ ሰዓቴ እጽፍልሃለሁ። አሁን በረዶ ባይኖርም ይመጣሉ፤ አየር ሊቀበሉ። እስከ መጨረሻው አንብበው። መሃል ላይ ተናድደህ እንዳትቀደው።

አንተ የመጣኸው ለግማሽ ቀን ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እዚህ የሆነውን አታውቅም። ልንገርህ።

የኩባንያው ሰው አቶ ሶል መጀመሪያ የመጣው ባለፈው ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ግራጫ ጃኬት፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፤ በየቤቱ አንዳንድ ካርቶን መንደሪን እያደለ ዞረ። ከላይኛው ሸለቆ ያለውን የማዕድን ጉድጓድ፣ አባታችን የሞተበትን ማለት ነው፣ ሊገዙት እንደሆነ ነገረን። የዋና ከተማው ፋብሪካዎች ዝቃጭ በመኪና እየተጫነ መጥቶ እዚያ ይሞላል። እሱ ግን ቆሻሻ የሚል ቃል አንዴም ከአፉ አልወጣም፤ «የአካባቢ ማዕከል» ነው የሚለው። አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ በተጠራ ዕለት ወንደላጤው ሽማግሌ ሳንግዱ ብድግ አለና «ልጄ፣ እንዲህ የሚያምር ነገር ከሆነ ለምን እዚያው ቤታችሁ አጠገብ አትሠሩትም?» አለው። አቶ ሶል ሳቅ ብሎ «አባባ፣ እዚያ እኮ መሬት ውድ ነው» አለ። ሳንግዱ «እዚህስ?» ሲለው «እዚህማ… እዚህ አየሩ ጥሩ ነው» ብሎ አረፈው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያን ቀን የምናሸንፍ መስሎን ነበር።

ሳቁ ግን አልቆየም። ለየቤቱ ትልልቅ ማቀዝቀዣ መጣ። ከዚያ ደግሞ ስለ ሥራ ማውራት ጀመሩ። በመዝገብ የታወቀ የመንደሩ ተወላጅ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ቅድሚያ ያገኛል፣ ሄዶም ቢሆን ተመልሶ ይቀጠራል ተባለ። እዚህ ትምህርት ቤቱ ሦስት ተማሪ ሲቀረው ተዘግቷል፤ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ እኔ ስለነበርኩ መጨረሻውን ድስት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ክሊኒኩ በሳምንት አንድ ቀን ነው። አውቶብሱ በቀን ሁለቴ ነበር፣ አንዴ ሆኗል። እንዲህ ባለ ቦታ ሥራ የሚል ቃል መወርወር ውሻ መሃል አጥንት መወርወር ነው። በየቤቱ ባልና ሚስት ተጣላ። አብረው የጎመን ኪምቺ ሲያዘጋጁ የኖሩ ሴቶች በዚህ ዓመት ለየብቻ አዘጋጁ።

በዚያ ሁሉ መሃል የተቃውሞውን ቀይ ጨርቅ መጀመሪያ በግንባሯ ያሰረችው እናታችን ናት። አላየሃትም፤ ብታያት ትኮራባት ነበር። መቆፈሪያ ማሽኑ ለሙከራ የመጣ ጊዜ ከጓደኛዋ ከቹንሆ እናት ጋር መንገዱ ላይ ተነጠፉ። በሰባ ስምንት ዓመቷ፣ በዚያ ውርጭ፣ የበቆሎ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ለሹፌሩ እንዲህ ስትለው ሰማሁ፦ «ልጄ፣ ይህ ወንዝ እንደ ዝገት ቀልቶ ሃያ ዓመት የፈሰሰው ለእናንተ መብራትና ለእናንተ ማሞቂያ ነው። አሁን ገና ዓሣ ገባበት። እስቲ ንካውና ልይህ!» ሹፌሩ ጎረምሳ ነበር፤ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳትና በመጣበት ተመለሰ። መንደሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ በፊቷ ጮክ ብሎ አይናገርም።

የመንደሩ መዝገብ ላይ አርባ አምስት ሰው አለ። ማን ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሃያ ሁለቱ ኩባንያው ይግባ ብሎ ክብ የሚያደርግ፣ ሃያ ሁለቱ አይግባ ብሎ መስቀል የሚያደርግ። አርባ አምስተኛው አንተ ነህ። ለእርሻዋ ስትል ስምህን ከእማዬ ቤት ሳታስፈቅ የኖርክ አንተ። የቹንሆ እናት ባለችበት፣ ሊቀመንበር ታክ ባለበት፣ እማዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ «መጥተህ መስቀል አድርግ» አለችህ፤ አንተም «እሺ እማዬ» አልክ። የቹንሆ እናት አጨበጨበች። «ሃያ ሦስት! አለቀ!» አለች።

ከዚያ በምን መጣህ? በኩባንያው አውቶብስ! ኩባንያው የራሱን ሰዎች ከከተማ እየለቀመ ሊያመጣ በላከው፣ የታሸገ ምሳ በሚታደልበት አውቶብስ። መንደሩ በሙሉ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆሞ እያየ፣ የምሳ ሳጥንህን በእጅህ ይዘህ ወረድክ። ቢያንስ ሳጥኑን ከኋላ ብትደብቀው ምን ነበረበት? እማዬ «የትኬት ገንዘብ አጥቶ ነው» አለች። የቹንሆ እናት ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የሰው እህል እየበላ እምቢ የሚል አፍ አላየሁም» አለችኝ። ወረቀትህን ከተትክ፤ እማዬ የሠራችልህን የድንች ቂጣ ቆመህ ጎረስክ፤ በዚያው አውቶብስ ተመለስክ። «ነገ ጠዋት እቃ የማደርስበት ሥራ አለብኝ» አልክ።

ቆጠራውን አላየህም። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሳ «ክብ»፣ «መስቀል» ይላል፤ ጸሐፊዋ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ሃያ ሁለት ለሃያ ሁለት ሆነ። አንድ ወረቀት ቀረ። ታክ አነሳውና ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኛ አዞረው። ክብ ነበር። ትንሽ፣ ጠባብ ክብ፣ እንደ ሽምብራ።

የቹንሆ እናት መሬቱን በእጇ እየመታች አለቀሰች። እማዬ አላለቀሰችም። ቀዩን ጨርቅ ከግንባሯ ፈታች፣ አጠፈችው፣ ኪሷ ከተተችውና ወጣች። ከሐዘን ብዛት ነው ብዬ ተከተልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ጓሯችን ያለው ትልቁ ጋን፣ እማዬ ስንት ዓመት ያስረጀችው የአኩሪ አተር ድልህ ያለበት፣ ተሰብሮ አገኘነው። ግድግዳችን ላይ በከሰል «የቆሻሻ ልጅ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። የቹንሆ እናት እስከ በራችን መጣች፤ ግን አልገባችም። ማዕድኑ ባሎቻቸውን ከበላ በኋላ ሁለቱ ከሰሉን በሚያመላልሰው የማሽን ቀበቶ ዳር ቆመው ድንጋዩን ከከሰል ሲለቅሙ አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ሳህን የበሉ ሴቶች ናቸው። «ከማህፀንሽ የወጣው ነው የሸጠን» አለቻት። «በአንቺ አልፈርድም። ግን ደጅሽን አልረግጥም፣ ደጄንም አትርገጪ።» እኔ ነኝ የመለስኩት፤ የመለስኩትም ለአንተ ነው፣ በስልክ። ያልኩህን አልደግመውም፣ ታስታውሰዋለህ። አንተ «እታለም፣ እኔ መስቀል ነው ያደረግኩት» አልክ። እኔ «አፍህን ዝጋ» ብዬ ዘጋሁት።

ለምን አላመንኩህም ብለህ ታውቃለህ? ባንተ ላይ ክፉ ማመን ስለሚቀለኝ ነው። እውነቱን ልንገርህ። አባታችን ሲሞት አንተ አሥር ዓመትህ፣ እኔ አሥራ አራት። እማዬ ከሰል ለቀማ ገባች፤ እኔ ደብተሬን ዘግቼ የማዕድኑ ምግብ ቤት ሩዝ አጣቢ ሆንኩ። አንተ በአሥራ ስድስት ዓመትህ ለቴክኒክ ትምህርት ወደ ከተማ ስትሄድ የለበስከው ካፖርት የእኔ የሦስት ወር ደሞዝ ነው። ባቡሩ ሲነሳ በመስኮት እጅህን አውጥተህ ስቀህልኛል፤ እስካሁን ያ ሳቅ ያናድደኛል። ማዕድኑ ተዘጋ፣ ሰው ሁሉ ተበተነ፣ እኔ ቀረሁ። ሳንባው ያለቀ ባል አስታመምኩ፣ ቀበርኩ። እማዬን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሰፈሩ ግን እሷን በአንተ ስም «የእገሌ እናት» ብሎ ነው የሚጠራት። በኩሯ እኔ ነኝ። አንድም ቀን በእኔ ስም ተጠርታ አታውቅም።

አንተም እዚያ ምን እንዳገኘህ አውቃለሁ፤ እማዬ ለሰው «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው» ብትልም። የቤት ዕቃ ፋብሪካው ማሽኖቹን ጭኖ ቬትናም ሲገባ አንተን አልጫነህም። አሁን እቃ ተሸክመህ አሳንሰር በሌለበት ሕንፃ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ። ላዝንልህ ሞክሬ ነበር። የዚህን ቦታ ሰው፣ የዚህን ቦታ ከሰል፣ የዚህን ቦታ ውሃ የበላ ከተማ አንተንም ከበላህ ምን ላድርግህ? በልቶ የተረፈውን ወደ እኛው ጉድጓድ ሊመልስ መጣ። አንተም አብረህ በአውቶብሱ ላይ ነበርክ። ለእኔ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር።

እንዲህ እያልን አራት ወር ኖርን። መንደሩ አንተን ረገመ፣ ተነፈሰ፣ ወደ እርሻው ተመለሰ። የሚረገመው ሰው ሩቅ ሲሆን ኑሮ ይቀላል። ከዚያ አንተ እሁድ ዕለት ደወልክ!

ታክ ሰኞ ሱቁ በር ላይ ሲጠጣ ዋለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ «ያ ልጅ በአባቱ መቃብር ምሏል። በመቃብር የሚዋሽ ሰው አላውቅም። እሱ ካልሆነ ታዲያ ከእኛው መሃል ማነው?» አለ። ይህችን አንዲት ጥያቄ ነው መንደሩ ውስጥ የለቀቅክብን። በአንድ ጀምበር ሃያ ሁለት ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ማን አዲስ ጫማ ገዛ? የማን ልጅ ለአቶ ሶል ሰላምታ ሰጠ? ሳንግዱ በሰኔ አሮጌ የጭነት መኪና ገዝቶ ነበርና ተፈረደበት። ማክሰኞ ጠዋት ሲነሳ ሊለቀም የደረሰ በርበሬው በሙሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ተዘርግቷል፤ የዓመት ቀለቡ ነው። ሰውዬው አዳራሹ ድረስ መጥቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። ታውቃለህ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። «እዩት፣» አለ፣ «በዚህ እጅ ክብ ይሠራል? መስቀሉንም የሠራሁት በመከራ ነው።» የሳቀለት የለም። የቹንሆ እናት «እጅህ ለመኪና ቁልፍ ግን አይንቀጠቀጥም» አለችው። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔ ያን ጊዜ አሁንም አንተን ነበር የምረግመው። አድርጎም ይክዳል እያልኩ።

ረቡዕ ዕለት ሆቴሉ እንግዳ ስላልነበረው ቶሎ ለቀቁን። አውቶብሱ የሚያወርደኝ ኩባንያው ቢሮ ብሎ ካስቀመጠው የብረት ኮንቴይነር ፊት ለፊት ነው። ልወርድ ስል እማዬ ከዚያ ስትወጣ አየኋት። ያቺን ለሠርግ ብቻ የምትለብሳትን ወይን ጠጅ ካፖርት ለብሳለች፣ ጸጉሯን ተቀብታለች። ስድብ ልትሰድባቸው ገብታ ነው ብዬ አሰብኩ። እሷ አላየችኝም፤ በወንዙ ዳር ቀስ እያለች ወደ ቤት ሄደች።

እኔ ገባሁ። አንዲት ልጅ እግር ጸሐፊ አለች። «እትዬ፣ የእሳቸው ልጅ ነዎት?» አለችኝ። «እባክዎ እርስዎ ያስረዱልን። በየሳምንቱ ረቡዕ ይመጣሉ። ‹አቶ ሶል ቃል ገብቶልኛል፣ የልጄ ሥራ መቼ ነው የሚጀምረው?› ይላሉ። አቶ ሶል ከተዛወረ ቆየ። የሰጣቸው ወረቀት የለም። እኛ የምንፈልገው ጥቂት ሹፌርና ዘበኛ ነው፤ ዕድሜውም እስከ አርባ አምስት ነው። ነግረናቸዋል፤ ግን በሚቀጥለው ረቡዕ ይመለሳሉ።» ከዚያ አንድ ፖስታ ሰጠችኝ። በውስጡ የአንተ ፎቶግራፍና የቴክኒክ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀትህ ነበረ። አርባ ዘጠኝ ዓመትህ ነው፤ ፎቶው ላይ ሃያ አትሞላም።

በሐምሌ ያንተን የድሮ ክፍል አዲስ ወረቀት ስትለጥፍበት፣ የወለሉን ማሞቂያ ስታስጠግን፣ «ለቹሶክ፣ ለመከሩ በዓል፣ ይመጣል ብለሽ ነው?» ብያት ነበር። «ለበዓል ብቻ ነው እንዴ ሰው ቤት የሚያስፈልገው?» ብላኝ ነበር።

ሮጬ ደረስኩባት። ፖስታውን በእጄ አየችው። አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም፣ የወንዙ መከላከያ ግንብ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ቆምኩ። ውሃው ጥርት ብሎ ይወርዳል። «ጉልበቱ አልቋል እኮ» አለች። «አንቺ ልብ አላልሽውም። የኛን ሦስት ደረጃ ሲወጣ ግድግዳውን በእጁ ይዞ ነው። ሦስት ደረጃ። አባቱ በአርባ ዓመቱ ሞተ፣ ግን ጉልበቱ ሙሉ ነበር።»

ክቡን ማን እንዳደረገው አልጠየቅኳትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፣ በእኔና በእሷ መሃል ነው። መልሷ ግን «አንቺ ጠንካራ ነሽ» የሚል ነበር። ፖስታውን ተቀበለችኝና ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው፤ ተነስታ ሄደች።

ጠንካራ ነሽ! ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነገረኝ የኖርኩት ይኸው ነው። ለእኔ ብላ አንድ ራስ ጎመን ከጎረቤት ጓሮ አትነቅልም። ሚዛኗ ትክክል ነው፣ ቃሏ ትክክል ነው፣ ሰው ሁሉ ያከብራታል። አንተ ግን ግድግዳ ይዘህ ሦስት ደረጃ ስትወጣ ታየችና… ተወው።

እንግዲህ አምኜሃለሁ። መስቀል ነው ያደረግከው። በሰው አውቶብስ መጥተህ፣ የሰው ምሳ በልተህ፣ ለእኛ መስቀል አድርገሃል። እውነት ለመናገር ይህን ያህል ሰው ነህ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በስልክ ያልኩህን ቃል ሁሉ መመለስ ይገባኝ ነበር። አልመልሰውም። የምትፈልገው ይቅርታ ከሆነ ከእኔ አታገኘውም፤ አሁን ይቅርታ የምጠይቅበት ጊዜ አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት የቹንሆ እናት ደጅ ሄድኩ። አልገባም ብዬ በሩ ላይ ቆሜ፣ ሳንግዱም አጥሩ ጥግ ሲያልፍ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ እንዲህ አልኳት፦ «ትናንት ወንድሜ ደውሎልኛል። አልቅሷል። ክብ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ለሊቀመንበሩ የማልኩት ፈርቼ ነው ብሎኛል። በአባቱ መቃብር በሐሰት ምሎ እንቅልፍ አጥቷል።»

አዎ፣ ብያለሁ። ሳላስፈቅድህ ብያለሁ።

የቹንሆ እናት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «እኔ እኮ ከሳጥኑ ነው ያወቅኩት» አለች። «ያን የምሳ ሳጥን ሳይ ነው ያወቅኩት።» ሳንግዱ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበትና ሄደ። ሊቀመንበር ታክ እስከ ምሳ ሰዓት ሰምቷል። በመቃብር የሚዋሽ ሰው አየሁ፣ ከእንግዲህ በማንም አላምንም እያለ ነው አሉኝ።

ስለዚህ የተረፈህ ወረቀቱ ነው። በራስህ እጅ፣ ለሊቀመንበር ታክ ጻፍ። «እኔ ነኝ» በል። ምክንያት አትደርድር፤ ሰው ምክንያት ሲሰማ ማሰብ ይጀምራል። ስለ ሥራ አንድም ቃል እንዳታነሳ። ስለ እማዬም አታንሳ። ለሳንግዱ ለብቻው ይቅርታ ጠይቅ፤ የበርበሬውን እኔ ከጓሯችን እሰጠዋለሁ። ከዚያ ስምህ ከመዝገቡ እንዲፋቅ አመልክት። ለቹሶክ አትምጣ። ምናልባት ለሚቀጥለውም አትምጣ። የአባታችንን መቃብር ሣር እኔ አጭዳለሁ፤ ድሮም የማጭደው እኔ ነኝ።

እማዬ ደውላ ሥራ ተገኝቶልሃል፣ ክፍልህም ተዘጋጅቷል ብትልህ እምቢ አትበላት። «እሺ እማዬ፣ ጥቂት ጊዜ ስጪኝ» በላት። ቀስ እያለች ትረሳዋለች ወይም ከመርሳቷ በፊት ትሞታለች። አንተ እሺ ማለት ታውቅበታለህ።

ትጠላኝ ይሆናል። ጥላኝ። መኪኖቹ በሚቀጥለው ጸደይ ይጀምራሉ፤ በዚያ መንገድ ዳር የምንኖረው እኛ ነን፤ ያን ውሃ የምንጠጣው እኛ ነን። አንተ ሩቅ ነህ። የሩቅ ሰው ክፉ ቢባል ዝናብም አያረጥበውም። እሷን ግን በዚህ መንደር «ክፉ» ብለው ቢጠሯት የት ትሄዳለች? አንተ ቤት?

ትናንት ከሥራ ስመለስ የእማዬ ክፍል በር ክፍት ነበር። የቹንሆ እናት ከአራት ወር በኋላ ደጃችንን ረግጣ፣ በትልቅ ሳህን የድንች ቂጣ ይዛ መጥታ፣ ከእማዬ ፊት ተቀምጣለች። የእማዬን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ታሻሻለች። «ልጅ እንዲህ ነው፣ ወልደሽ ታሳድጊዋለሽ፣ ልቡን ግን አታሳድጊውም። አንቺ ምን አደረግሽ? አንቺማ ከእኛ ሁሉ ቀድመሽ መንገዱ ላይ የተቀመጥሽ ሴት ነሽ» ትላታለች። ደጋግማ ትላታለች። እማዬ ከሰኞ ወዲህ ከሾርባ በቀር በአፏ የገባ ነገር አልነበረም። ቂጣውን ቆረሰችና በላች። ሁለት በላች። ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አላነሳችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ የቹንሆ እናት «አንቺም ነይ ብዪ» አለችኝ። አልገባሁም። ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

የመጨረሻው ማሽን ቆሟል፤ አንሶላዎቹን ማውጣት አለብኝ። ስምህን ወስጄብሃለሁ። ሌላ የምወስድብህ ነገር ቢኖርህ ኖሮ እሱን እወስድ ነበር።

የአባታችን መንፈስ ይጠብቅህ። ጉልበትህን ይጠግንልህ። ሚስትህንና ልጅህን ሳምልኝ፤ የማደርገውን ሳያውቁ የሚጠሉኝ ከሆነ ግን አትሳምልኝ።

ወረቀቱን እስከ ማክሰኞ በፖስታ አድርስ።

እህትህ